እንግዳ ቃል መሸምደድ ነውር ነውን?

በኅብረታችን ክበብና በየመኝታ ቤቱ ስክራብል የተባለው የፊደል ጨዋታ ከተዘወተረ ወዲህ በመካከላችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። የክርክሩም ነገር እንዲህ ነው። አንዳንድ ተጫዋቾች፥ ሰው በአፉ የማይናገራቸውን እንግዳ የእንግሊዝኛ ቃላት ከዝርዝር እየሸመደዱ መጥተው በሰሌዳው ላይ ይደረድራሉ፤ ያሸንፋሉም። ሌሎቹ ደግሞ «ይህ የበቀቀን ሥራ እንጂ ጨዋታ አይደለም፤ ትርጉሙን የማታውቀውን ቃል መጣል እንግሊዝኛ ማወቅ ሊባል አይችልም» እያሉ ይነቅፏቸዋል። ነቀፌታው እየበረታ ሄዶ ዛሬ ዛሬ ቃል የሚያጠና ተጫዋች ጥናቱን እንደ ሌብነት ይደብቀው ጀምሯል። ዝርዝሩን በደብተሩ መካከል ሸሽጎ ያነባል፤ ሰው ሲመጣበት ደብተሩን ይከድናል።

እኔ ብዕሬን ያነሣሁት፥ እንግዳ ቃል ማጥናት ነውር አለመሆኑን፥ እንዲያውም በእኛ ዩኒቨርስቲ ውስጥ ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም ያለው መሆኑን ለማስረዳት ነው። ጥቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃም ሳልናገር አላልፍም። የሚቃወመኝ ቢኖር በሚቀጥለው ዕትም ይመልስልኝ፤ ገጹ የሁላችንም ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልግለጸው። ስክራብል 15 በ15 የሆነ፥ ማለትም 225 ቤቶች ባሉት ሰሌዳ ላይ የሚካሄድ ነው። በከረጢት ውስጥ 100 ጠጠሮች አሉ። ከነዚህም 98ቱ የላቲን ፊደል የተጻፈባቸው ሲሆኑ ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ባዶዎቹን ተጫዋቹ በፈለገው ፊደል ምትክ ይጠቀምባቸዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች ሰባት ሰባት ጠጠር ይዞ፥ በሰሌዳው ላይ ካለው ቃል ጋር የሚያያዝ ቃል እየሠራ ነጥብ ይሰበስባል። ሰባቱንም ጠጠር በአንድ ተራ የጣለ ሰው 50 ነጥብ ምርቃት ያገኛል።

ጨዋታውን የፈለሰፈው አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት አሜሪካን በመታው የኢኮኖሚ ውድቀት ሥራውን አጥቶ በነበረ ጊዜ፥ በጋዜጣ ገጾች ላይ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቈጠረ። በቈጠራውም መሠረት በእንግሊዝኛ ከሁሉ ይበልጥ ለሚገኘው ለ«ኢ» 12 ጠጠርና 1 ነጥብ መደበለት፤ ብርቅ ለሆኑት ለ«ኪው»ና ለ«ዜድ» ግን ለያንዳንዳቸው አንድ ጠጠርና 10 ነጥብ ሆነላቸው። ጄምስ ብሩኖት የተባለ ሰው ደግሞ በ1948 ስክራብል የሚለውን ስም ሰጥቶት ለገበያ አቀረበው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ጨዋታው ከመሠረቱ የቈጠራ ሥራ ነው። የፊደሉ ዋጋ የሚለካው በብርቅነቱ ነው እንጂ በውስጡ ባለው ትርጉም አይደለም።

እንግዳ ቃል ሲባል ብዙዎቻችን የሚመስለን ረጅምና ከባድ ቃል ነው። በስክራብል ግን ዋናዎቹ እንግዳ ቃላት አጫጭሮቹ ናቸው። በእንግሊዝና በሌሎች ብዙ አገሮች የሚሠራበት የኮሊንስ የቃላት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታደስ ባለ ሁለት ፊደል ቃላቱ 127 ሆነዋል። እንግሊዛዊውን ራሱን በመንገድ ላይ አቁመን ብንጠይቀው ብዙዎቹን የሚያውቃቸው አይመስለኝም። ለምሳሌ በ«ኪው»ና በ«አይ» የሚጻፈው «ቺ» በቻይናውያን ፍልስፍና የሕይወት ኀይል ማለት ነው። በ«ዜድ»ና በ«ኤ» የሚጻፈው «ዛ» ፒዛ ከሚለው ቃል ተቈርጦ የቀረ የአሜሪካኖች አነጋገር ነው። ሁለት «ኤ» ብቻ ጐን ለጐን ተጽፎ የሚገኘው ቃል በሃዋይ ደሴቶች ሸካራውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያመለክታል። «ኤ»ና «አይ» ሲጋጠሙ ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያስበው በኮምፒዩተር የሚሠራውን ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ የያዘው ግን በደቡብ አሜሪካ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር፥ ባለ ሦስት ጣት፥ እጅግ ዘገምተኛ እንስሳ ነው።

የነዚህ ቃላት ጥቅም በሒሳብ ይታያል። «ኪው» 10 ነጥብ፥ «አይ» 1 ነጥብ ነው። «ኪው»ን የፊደሉን ነጥብ ሦስት እጥፍ በሚያደርገው ቤት ላይ አስቀምጦ፥ ወደ ጐንም ወደ ታችም «ቺ»ን የሠራ ተጫዋች ለያንዳንዱ ቃል 31፥ በጠቅላላው 62 ነጥብ ያገኛል። አንዱ «አይ» አስቀድሞ በሰሌዳው ላይ ካለ፥ ይህን ሁሉ የሚያገኘው ሁለት ጠጠር ብቻ ጥሎ ነው። ቃሉን የማያውቀው ተጋጣሚ ግን «ኪው» ሲወጣበት «ዩ» እስኪመጣለት ድረስ እንደ አሮጌ ዕዳ ተሸክሞት ይቀመጣል።

ነቃፊዎቹ «ትርጉሙን ሳያውቁት» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጨዋታው ትርጉም አይጠይቅም። ለዚህም ከኒው ዚላንዱ ተጫዋች ከናይጀል ሪቻርድስ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ቤልጂግ ውስጥ የተደረገውን የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ውድድር አሸነፈ። ፈረንሳይኛ ግን አይናገርም። ጋዜጦች እንደ ጻፉት፥ የፈረንሳይኛውን የቃላት ዝርዝር ያጠናው በዘጠኝ ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። በ2024 ደግሞ በስፔን አገር በግራናዳ ከተማ በስፔን ቋንቋ የተደረገውን የዓለም ውድድር፥ ቋንቋውን ሳይናገር እንደዚሁ አሸነፈ።

ከዚህ ነገር ሁለት መደምደሚያ ይወጣል። አንደኛው የነቃፊዎቹ ነው፤ እንግዲያስ ስክራብል የቋንቋ ዕውቀት መለኪያ አይደለም። በዚህ እስማማለሁ። ሁለተኛውን ግን እነርሱ አላዩትም። ስክራብል የቋንቋ መለኪያ ካልሆነ፥ በቋንቋው ተወልዶ ያደገ ሰው በዚያ ሰሌዳ ላይ ከሌላው የሚበልጥበት መብት የለውም ማለት ነው። የኔ ክርክር ሁሉ የተመሠረተው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

በግቢያችን ውስጥ እንግሊዝኛ ምን ዓይነት ሥልጣን እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ደፍረን አንናገረውም እንጂ። ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር፥ ክፍያው በከበደ ትምህርት ቤት ያደገ ተማሪ አለ። ከገጠር ወረዳ፥ አንድ መጽሐፍ ለአምስት ከሚነበብበት ክፍል የመጣ ተማሪም አለ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ፈተና አልፈው ገብተዋል። ነገር ግን መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቁ አንደኛው እጁን ያነሣል፤ ሁለተኛው አንገቱን ይደፋል። የሁለተኛው አሳብ አንሶ አይደለም፤ አፉን ሲከፍት በአነጋገሩ የሚስቁበት ስለሚመስለው ነው። አንዳንድ ጊዜም በእርግጥ ይስቁበታል። በዚህም ምክንያት አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ተመርቆ የሚወጣ አለ። ይህን ለእኅቶቻችን ብናደርገው ደግሞ ነገሩ እጥፍ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ መፍራት ላይ በወንዶች ፊት መፍራት ይጨመርባቸዋልና።

ይህ ፍርሃት እስከ ጨዋታው ሰሌዳ ድረስ ይከተለናል። ባለፈው ሰሞን በክበቡ ሁለት ተማሪዎች ሲጋጠሙ ቆሜ ተመለከትሁ። አንደኛው አነጋገሩ የለንደን ሰው የሚመስል ነው፤ ሁለተኛው ከሩቅ ወረዳ የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ባለ አነጋገሩ ጨዋታው ሲጠብበት በዓለም የሌለ ቃል ፈጠረና ጣለ፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ነጥቡን ቈጠረ። ዝምተኛው ልጅ ቃሉን አየት አደረገ፤ የተጋጣሚውን ፊት ተመለከተ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ነጥቡን በወረቀቱ ላይ መዘገበለት። በመጨረሻ የተሸነፈው በጥቂት ነጥብ ነው። ሐሰተኛው ቃል ያስገኘው ነጥብ ከዚያ ይበልጥ ነበር።

የጨዋታው ሕግ ግን ለዝምተኛው ልጅ መከላከያ ሰጥቶት ነበር። አንድ ተጫዋች የተጠራጠረውን ቃል «ይህ ቃል የለም» ብሎ መሞገት ይችላል። ያን ጊዜ ዝርዝሩ ይገለጣል። ቃሉ ከሌለ፥ የጣለው ሰው ጠጠሮቹን አንሥቶ ያለ ነጥብ ተራውን ያልፋል። ቃሉ ከተገኘ፥ ሞጋቹ እንደየደንቡ ተራውን ወይም ጥቂት ነጥብ ሊያጣ ይችላል። ያልተሞገተ ሐሰተኛ ቃል ግን እንደ እውነተኛ ተቈጥሮ ይጸናል። አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ ውርርድ ይገጥሙ ነበር፤ ሞግቶ የተረታ ውርርዱን ይከፍላል፥ መሞገት ሲገባው ዝም ያለ ደግሞ ነገሩን ያጣል። የስክራብልም ሙግት አካሄዱ ይኸው ነው።

እንግዲህ መሞገት የሚችል ማን ነው? የሚያውቅ ነው። በስክራብል ማወቅ ደግሞ ዝርዝሩን ማወቅ ነው። አነጋገር ከቤት ይወረሳል፤ ዝርዝር ግን የማንም አባት ርስት አይደለም። የሹምም ልጅ የገበሬም ልጅ እኩል ቁጭ ብሎ ማጥናት አለበት። 127ቱን አጫጭር ቃላት ያጠና ልጅ፥ የማያውቀው ባለ ሁለት ፊደል ቃል ሲጣልበት «እኔ ያልደረስሁበት እንግሊዝኛ ይሆናል» ብሎ አይሸማቀቅም። «የለም» ብሎ ይሞግታል። ዳኛው የተጋጣሚው አፍ ሳይሆን መጽሐፉ መሆኑን ዐውቋልና። ወዳጆቼ ሆይ፥ እንግዳ ቃል ማጥናት ነውር አይደለም የምለው ስለዚህ ነው። አንድ ጊዜ በጨዋታ ላይ «የለም» ማለትን የለመደ ልጅ፥ በክፍል ውስጥም «ይህ አልገባኝም» ወይም «ይህ አይመስለኝም» ለማለት አንድ እርምጃ ቀርቧል ብዬ አምናለሁ።

«ዝርዝሩንስ ቢሆን ያወጡት ፈረንጆች አይደሉምን?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አዎን፥ ሰው ያወጣው ነው፤ ስለዚህም ይሻሻላል። ዓለም ሁሉ በየቀኑ የሚለው «ኦኬ» በሁለት ፊደል ተጽፎ በኮሊንስ ዝርዝር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ነው። ከዚያ በፊት «ኦኬ» ብሎ የጣለ ሰው ቢሞገት ይረታ ነበር፤ «ቺ» ብሎ የጣለው ግን ይረታ አልነበረም። በ2021 ደግሞ ሰውን በዘሩና በመሰል ነገር የሚሳደቡ ብዙ ቃላት ከዝርዝሩ ተሰርዘዋል። የተጻፈ ሕግ ጉድለት ቢኖርበትም ሁሉም ሰው አንብቦ ሊያውቀው ይችላል፤ ሲያጐድልም በይፋ ይታረማል። በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ያለ ሕግ ግን አይነበብም፥ አይታረምምም።

ይህ የምናገረው ነገር በአፍሪካ ልጆች ተሠርቶ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአውስትራሊያ፥ በፐርዝ ከተማ በተደረገው የእንግሊዝኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮና ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ በፍጻሜው እንግሊዛዊውን ሉዊስ መካይን 4 ለ 0 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ከአፍሪካ ይህን ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ናይጄሪያውያን ስክራብልን እንደ ስፖርት ቈጥረው ይለማመዱታል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረን ግን ዘዴያቸው ነው። ረጅም ቃል ጥሎ ከመኵራራት ይልቅ፥ አምስት ፊደል ያህል ያላቸውን ቃላት በብዛት አጥንተው፥ ጥሩ ጥሩዎቹን ፊደላት ለሚቀጥለው ተራ ማስቀረትንና ለተጋጣሚ ሰፊ ቦታ አለመክፈትን መረጡ። የተጋጣሚያቸው ቋንቋ በተወለደበት አገር ያልተወለዱ ሰዎች፥ በሥራና በብልኀት እንዲህ አድርገው ተሻሉ።

ዝርዝሩ የእንግሊዞች ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላም ምስክር አለ፤ ይኸውም የራሳችን ቃላት በውስጡ መገኘታቸው ነው። ጤፍ አለ፤ በአንድ «ኤፍ»ም በሁለት «ኤፍ»ም መጻፉ ይፈቀዳል። የሰሜን ተራሮቻችን ጭላዳ «ጌላዳ» ተብላ ገብታለች። ንጉሥም አለ። ነገር ግን ያው አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ሌላ ነገርም ያመለክታል፤ ፍራንሲስ ኒገስ በተባለ ኮሎኔል ስም የተጠራ፥ ከወይን ጠጅ፥ ከሙቅ ውሃና ከስኳር የሚሠራ መጠጥ ነው። ስለዚህ አንድ የለንደን ሰው ቃሉን ሲጥል ያሰበው ዙፋኑን ይሁን ብርጭቆውን ማንም አይጠይቀውም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ገንዘባችን ነው። ብር መግባቱስ ይሁን፤ የብር ብዙ ቍጥርም ገብቷል። በእንግሊዝኛ ደንብ በ«ኤስ» ማብዛቱ እንደ ተፈቀደ ሆኖ፥ ከጐኑ «ብሮች» የሚለው ቃላችን በ«ቢ፥ አይ፥ አር፥ አር፥ ኦ፥ ቲ፥ ሲ፥ ኤች» ተጽፎ ይገኛል። የአማርኛችን የብዙ ቍጥር ምልክት «ኦች» ባሕር ተሻግራ በፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጣለች! የስምንቱ ፊደላት ነጥብ ሲደመር 15 ነው። አንዱ ፊደል በሰሌዳው ላይ ኖሮ ሰባቱን የጣለ ሰው፥ ባዶ ጠጠር ካልገባበት፥ ከምርቃቱ ጋር ቢያንስ 65 ነጥብ ያገኛል። ሌላው አገር ያለ ተጫዋች ይህን ቃል ትርጉሙን ሳያውቅ ከዝርዝር መሸምደድ ይኖርበታል። እኛ በየሱቁና በየታክሲው የምንለው ነው። እንዲህ ከሆነ፥ እርሱ የኛን «ብሮች» መሸምደዱ ነውር ካልሆነበት፥ እኛ የርሱን ቃል ብንሸመድድ የምን እፍረት አለብን?

«እንዴት ይጠና?» ለሚለው፥ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የሚከተሉት ቅደም ተከተል አለ። በመጀመሪያ ባለ ሁለት ፊደሎቹን 127 ቃላት መጨረስ ነው፤ በቀን አሥር አሥር ቢያዙ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ቀጥሎ ባለ ሦስት ፊደሎቹ ይመጣሉ። እነዚህ ከ1,000 በላይ ስለሆኑ እንዲሁ ከመሸምደድ ይልቅ፥ «በዚህ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ፊት ወይም ኋላ የትኛው ፊደል ቢጨመር ቃል ይሆናል?» እያሉ ማጥናት ይቀላል። ሦስተኛ «ኪው» ያለ «ዩ» የሚገባባቸውን ቃላት መያዝ ነው፤ ከነዚህም አንዱ በ«ኪው፥ ኤ፥ ቲ» የሚጻፈው ሲሆን፥ እርሱም ሁላችን የምናውቀው ጫት ነው። ብንቅመውም ባንቅመውም 12 ነጥብ ይሰጠናል።

አራተኛው ሰባቱን ጠጠር በአንድ ጊዜ መጣልን መለማመድ ነው። ለምሳሌ የዓይን ክፍል የሆነው «ሬቲና» ስድስት ፊደል አለው። በላዩ ላይ «ኤስ» ሲጨመር ፊደላቱ ቦታ እየተለዋወጡ «ሬቲናስ»፥ «ናስቲየር»፥ «ስቴይነር»፥ እንዲሁም የግሪክ ወይን ጠጅ ስም የሆነውን «ሬትሲና»ን ይሰጣሉ። ስለዚህ ብልኅ ተጫዋች እነዚህ ፊደላት በእጁ ሲሰበሰቡ በጥቂት ነጥብ አይለውጣቸውም። የጥናቱም ዘዴ ቀላል ነው። በካርቶን ቍራጭ ፊት ፊደላቱን በ«ኤ፥ ቢ፥ ሲ» ተራ መጻፍ፥ በጀርባው ደግሞ ቃሉን መጻፍ፤ ከዚያ ፊቱን እያዩ ጀርባውን ለማስታወስ መሞከር ነው። እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ትርጉሙንም በአንድ መስመር እንጻፈው። ጨዋታው ባይጠይቀንም፥ ዘገምተኛውን የዛፍ እንስሳ በዓይነ ሕሊናው ያየ ሰው ቃሉን አይረሳውም።

አሁን ወደ ልኩ ልምጣ። እንግዳ ቃል በሰሌዳ ላይ ሲኖር መልካም ነው፤ ወደ ጽሑፋችን ሲሻገር ግን ብዙ ጊዜ ያበላሸናል። በየፋኩልቲው የምናቀርባቸውን ድርሰቶች ተመልከቱ። «ዩዝ» ማለት ሲበቃ «ዩቲላይዝ»፥ «ቢጊን» ማለት ሲበቃ «ኮሜንስ» እያልን ገጹን እንሞላለን። በአማርኛችንም ቢሆን ይኸው በሽታ አለብን፤ ግማሹ ዓረፍተ ነገር በፈረንጅ ቃል ካልተሸበረቀ የተማረ ሰው ንግግር አይመስለንም። ይህን የሚያደርገው ሰው የስክራብልን ትምህርት እንኳ በቅጡ አልተማረም። በስክራብል ያሸነፉት በአጭሩ፥ በቦታው በገባው ቃል ነው እንጂ በትልቁ አይደለም። ከዚያም በላይ፥ በድርሰት ውስጥ ትርጉሙን የማናውቀው ቃል ሐሰተኛ ጠጠር ነው። አስተማሪው ባይሞግቱን እንኳ አሳባችን ራሱ ይሞግተናል።

ይህን ልዩነት በቅኔ ቤት የኖረ ሰው ከኛ ይበልጥ ያውቀዋል። ግእዝ ለቅኔ ተማሪ የእናቱ ቋንቋ አይደለም፤ ዛሬ የማንም የእናት ቋንቋ አይደለም። ስለዚህ ተማሪው ግሡን ከነእርባታው እያጠና እንግዳ ቃላትን በልቡ ያኖራል። እስከዚህ ድረስ እርሱና የስክራብል ተጫዋች አንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ «በቀቀን» ብሎ የሰደበው ግን የለም። ከዚህ በኋላ ይለያያሉ። የቅኔው ተማሪ ብርቁን ቃል የሚፈልገው ሁለት ትርጉም ተሸክሞ ሰሙን ከወርቁ ስለሚያጋጥምለት ነው። የስክራብሉ ተጫዋች የሚፈልገው ቅርጹን ብቻ ነው። ሁለቱም ድካም የሚጠይቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ቅርጹን ብቻ የያዘ ሰው ትርጉሙንም የያዘ ከመሰለው ራሱን ያታልላል።

በመጨረሻ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። «ለእንግሊዝኛ ቃል ይህን ያህል ከመድከም፥ ለራሳችን ቋንቋ ለምን አንደክምም?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፥ የደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። በውስጣቸው የተኙትን ብርቅ ቃላት የሚቀሰቅስ የፊደል ጨዋታ ቢኖረን እኔ የመጀመሪያው ተጫዋች እሆን ነበር። ነገር ግን ሥራው ቀላል አይደለም። ፊደላችን 33 ሲሆን፥ በሰባቱ ስልት ሲባዛ ዲቃሎቹን ሳይጨምር 231 ይሆናል፤ በ100 ጠጠር አይበቃም። ሀ፥ ሐና ኀ በአንድ ጠጠር ይቈጠሩ ወይስ በሦስት? «አልመጣችሁምን» የሚለው እንደ አንድ ቃል ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ሰሌዳው ይቀርበዋል፤ ሆኖም በኦሮምኛ «ኪው» ብርቅ ፊደል አይደለምና የበትስን ነጥብ እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ቈጠራውን እንደ ገና መጀመር ያስፈልጋል። እንግዲህ የቋንቋና የሒሳብ ተማሪዎች ተባብረው ቢቈጥሩልን ምን ይከለክላል? በትስ የቈጠረው ሥራ አጥቶ በቤቱ ተቀምጦ፥ ጋዜጣ ይዞ ነው። እኛም ጋዜጣ አናጣም።

እስከዚያ ድረስ ግን ባለን ሰሌዳ እንጫወት። ስለዚህ ለኅብረቱ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ በክበባችን የሚሠራበት የቃላት ዝርዝር አንድ ሆኖ ይወሰን፤ መጽሐፉም በጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ስልክ ከኪስ የሚወጣው ሙግት ሲነሣ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፥ ባለ ሁለት ፊደሎቹ ቃላት ከነትርጉማቸው ተባዝተው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፉ፤ ለሁሉም የተገለጠ ነገር የጥቂቶች ምስጢር መሆኑ ይቀራል። ሦስተኛ፥ በዚህ ሴሚስተር በክበባችን ሞግቶ የተረታ ተጫዋች ተራውንም ነጥቡንም እንዳያጣ ይደረግ። የከፍተኛ ውድድር ሰዎች በዚህ ይስቁ ይሆናል። የኛ ችግር ግን የሙግት መብዛት አይደለም፤ ዝምታ ነው።

ዝርዝሩን በደብተር መካከል ሸሽጋችሁ የምታጠኑ ወንድሞቼና እኅቶቼም አውጥታችሁ በጠረጴዛው ላይ ዘርጉት። የሚነቅፋችሁ ቢመጣ ወንበር ስጡትና ግጠሙት። የማታውቁትን ቃል ከጣለባችሁም ሞግቱት።

ከአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ